አሥራ ሁለት ጣሪያ ለግራና

ሐሙስ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ወልዲያ

ዛሬ ጠዋት ወልዲያ ውስጥ ተኝቶ የቀረ ሰው ካለ ጥፋቱ የእኛ አይደለም። ሁለት መቶ አርባ ቆርቆሮ ከመጋዘን አውጥተን አይሱዙ ላይ ስንጭን ሰፈሩን በሙሉ ቀስቅሰናል። አራቱ ጫኞች ጓንት የላቸውም፤ ጠርዙን በአሮጌ ጨርቅ ይዘው ነው የሚያቀብሉት። አንዲት ሴትዮ መስኮት ከፍተው «ልጆቼ፣ እግዜር ይይላችሁ» ብለው መልሰው ዘጉት። እኔ ዳር ቆሜ ጉልበቴን አሻለሁ።

ይህ ስንተኛው ጉዞዬ እንደሆነ ረስቻለሁ። ደሴ ካለው ቢሮዬ እየተነሳሁ ለየማኅበሩ ትንንሽ ድጋፍ ሳደርስ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ ሲነገር ያምራል፤ ሰው ሲሰማ «ጽድቅ ነው» ይለኛል። እኔ ግን ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ቅጹ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት መጥረቢያ ለጠየቀን ማኅበር አሥራ አራት ገጽ ቅጽ አስሞልተናል። ማኅበርተኞቹ ቅጹን ሞልተው ሲጨርሱ መጥረቢያ ከጎረቤት ተውሰው እንጨቱን ፈልጠውት ነበር።

የዛሬው ጉዳይ ግራና አካባቢ ያለ አንድ ቅሬ ነው። የአዲስ አበባ ሰው እድር የሚለውን ነው ወሎ ቅሬ የሚለው፤ ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሲታመም በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት ያደርሳል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ያለበት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ጣሪያ ተበስቷል፤ ተነቅሎ የተወሰደም አለ። ቅሬው ቆርቆሮ ጠየቀን፤ ለአሥራ ሁለት ቤት የሚበቃ ፈቀድን። «በጣም የተቸገሩ የአሥራ ሁለት አባወራዎች ስም ላኩልን» ብለን ጻፍን። የላኩልን ግን የሰማንያ አራቱን አባል በሙሉ ነው። የቅሬው መሪ፣ ዳኛው ሳይቀሩ፣ ባለወፍጮው ሰውዬ ሳይቀር፣ ሁሉም «በጣም የተቸገሩ» በሚለው ርዕስ ሥር ፈርመዋል።

አዲስ አበባ ያለው አለቃዬ ወጣት ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ብቻ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያልገባ ነገር አያምንም። ዝርዝሩን ሲያይ «ይሄ ማጭበርበር ነው» አለኝ። አሥራ ሁለት ስም ከነፎቶው እስከ እሁድ ካልደረሰው ቆርቆሮው ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። ክረምቱ ደግሞ ደጅ ላይ ነው። እንግዲህ እኔ የምሄደው አሥራ ሁለት ድሃ ልመርጥ ነው።

ሐሙስ፣ 3 ሰዓት፣ መርሳ

ከወልዲያ መርሳ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በሲሪንቃ አድርገን፣ ከአይሱዙው ኋላ ኋላ እየተከተልን፣ ሁለት ኬላ ላይ ቆመን ነው የደረስነው። ሁለተኛው ኬላ ላይ ያለው ልጅ ቆርቆሮውን በዱላው ነካ ነካ አደረገና ለማን እንደሆነ ጠየቀ። ሹፌሬ ጋሽ ጌታቸው ሲጋራውን ሳያወርድ «እሱን ልንጠይቅ ነው እኛም የምንሄደው» አለው። ልጁ ሳቀና አሳለፈን።

ጋሽ ጌታቸው ስልሳን አልፏል። የውርጌሳ ልጅ ነው፤ ከእኔ ጋር ዘጠኝ ዓመት ነድቷል። የሰኔን ጾም አንድ ቀን አይገድፍም፣ ሲጋራውን ግን ጾሙ ውስጥ አልጻፉትም ይላል። መርሳ ሽሮ በመቶ ሃያ ብር በላን። ሻይ አሥራ አምስት ብር ገብቷል። አስተናጋጇ ዋጋውን ስትነግረን ራሷ አፈረች።

እግረ መንገዴን ከሦስት ዓመት በፊት የደገፍነውን የሴቶች ዶሮ አርቢ ማኅበር አየሁ። ሊቀመንበሯ ጓሮ ይዛኝ ገባች። የዶሮ ቤቱ ግድግዳ በሙሉ ታፔላ ነው፤ ባለፉት ዓመታት የመጡ ፕሮጀክቶች ሁሉ መንገድ ዳር የተከሉት ታፔላ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ እየነቀሉ አምጥተው ቤት ሠሩበት። የእኛም አለ፣ የድርጅታችን ስም ወደ ውስጥ ዞሮ፣ አንዲት ቀይ ዶሮ ሥሩ ተኝታ። ሊቀመንበሯ የምቆጣ መስሏት ነው መሰለኝ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔ ግን በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ከሰጠነው ነገር ሁሉ እንዲህ በደንብ ሥራ ላይ የዋለ አላየሁም አልኳት። እውነቴን ነው።

ሐሙስ፣ 9 ሰዓት፣ ግራና

ከአስፋልቱ ወጥተን በጠጠሩ መንገድ ግራና ገባን። የቅሬው ዳኛ ሼህ እንድሪስ ቆመው ጠበቁን። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ከጎናቸው ካለ ሰው የማያልፍ። ቆርቆሮውን የቅሬው ድንኳንና ብረት ድስት የሚቀመጥበት ቤት አስገባነው። ከዚያ ዝርዝሩን አወጣሁና፣ ሼህ፣ ሰማንያ አራቱም ድሃ ነው እንዴ አልኳቸው።

ወረቀቱን ወስደው እንደማያውቁት ሁሉ አዩት። ከዚያ መልሰው ሰጡኝ።

«ደብዳቤው ድሃውን ለዩ ይላል፤» አሉኝ። «እኛ ድሃ ለይተን አናውቅም ልጄ። ለይተን ብንጽፍ ነገ ሰውየው በየት በኩል ሶላት ይመጣል? በየት በኩል ለቅሶ ይቀመጣል? ስለዚህ ሁላችንም ገባን።»

አልተከራከርኩም። እሁድ መድረሱን፣ ካልሆነ ቆርቆሮው ተመልሶ እንደሚጫን ብቻ ነገርኳቸው። እንግዲያስ ዕጣ ይውጣ አሉ። ዕጣውን እቤታቸው ጽፈው አዘጋጅተው ነገ ከጁምዓ በኋላ ይዘው ይመጣሉ፤ ራሳቸው አውጥተው ራሳቸው ያነባሉ። እኔ ሻዬን እየጠጣሁ መመልከት ነው።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። አሥራ ሰባት ዓመት «ግልጽነት» ሲሉኝ ኖሬ ቃሉ ደሜ ውስጥ ገብቷል መሰለኝ። አይሆንም አልኳቸው። ስሙ ሰው ሁሉ እያየ ይጻፋል፣ ሰው ሁሉ እያየ ይታጠፋል፣ የማወጣውም የማነበውም እኔ ነኝ፣ በስልክም ይቀረጻል። ጋሽ ጌታቸው ከኋላዬ ጫማዬን በጫማው ነካ አደረገኝ። ቦታ የፈለገ መስሎኝ ፈቀቅ አልኩለት። ሼህ እንድሪስ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«እንዳልሽ ይሁን፤» አሉ። «እንግዳ ነሽ።»

ወደ መኪናው ስንመለስ ከወቅቱ የቀደመ ዝናብ ወረደብን። አንዲት እናት ከደጃቸው ሆነው በእጃቸው ጠሩኝና ሮጬ ገባሁ። እትየ ሐዋ ልበላቸው፤ ስማቸው ይህ አይደለም፣ የሌሎቹንም ስም ቀይሬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ይገባችኋል። ግማሽ ጣሪያቸው የዛገ ቆርቆሮ ነው፣ ግማሹ በድንጋይ የተጫነ ሸራ። ገብቼ ሳልቀመጥ ባልዲ፣ ድስት፣ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን በየቦታው ተደረደረ። አልጋ ላይ ባለቤታቸው ጋሽ ሙሄ ተኝተዋል። ድሮ የቅሬው ድንኳን ተካይ ነበሩ አሉኝ፤ አሁን ወገባቸው ከከዳቸው ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። እትየ ሐዋ አልጋውን ሲገፉ አገዝኳቸው። ጠብታው ተከትሎን መጣ። እንደገና ገፋነው። ሦስተኛው ላይ ግድግዳው ደረሰና ቆምን፤ እትየ ሐዋ የባላቸውን እግር በላስቲክ ሸፈኑት።

ጣሪያው አላስቸገራችሁም ወይ አልኳቸው፤ ሌላ ምን ይባላል።

«ዝናብ ረሕመት ነው ልጄ፣ የአላህ ምሕረት፤» አሉኝ። «ረሕመት ቤት ድረስ ሲመጣ ይከፋል?»

ጋሽ ሙሄ አልጋው ላይ ሆነው ሳቁ። ከእኛ የባሱ አሉ አሉኝ እትየ ሐዋ። ለምሳሌ ማን ብዬ እስክሪብቶዬን ሳወጣ የሰው ስም በዚህ ነገር አይጠራም ብለው አንድ ስኒ ሻይ አቀበሉኝ። ስወጣ በልቤ የመጀመሪያው ጣሪያ የማን እንደሆነ አውቄ ወጣሁ። ዕጣ እንዲወጣ የተስማማሁት እኔው ራሴ መሆኔን ለጊዜው ረስቼዋለሁ።

ዓርብ፣ 8 ሰዓት፣ ግራና

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቅሬው ትልቁ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ወረቀት አልበቃ ሲል ትርፍ ቅጽ ቀድጄ በጀርባው ሰማንያ አራት ስም በየተራ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ጻፍኩ፣ እያሳየሁ አጠፍኩ፣ የጋሽ ጌታቸው ኮፍያ ውስጥ ጨመርኩ። የትምህርት ቤቱ መምህር ስልኬን ይዞ ይቀርጻል። ላቤ ይንቆረቆራል፤ ግራና ቆላ ነው፣ የሰኔ ፀሐይም አይጣል ነው። ቢሆንም ደስ ብሎኛል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ከሠራሁ ቆይቻለሁ።

አወጣሁ፣ ገለጥኩ፣ አነበብኩ። የመጀመሪያው ዕጣ ለመንገድ ዳሩ ባለሱቅ ወጣ። ቀጥሎ ለራሳቸው ለሼህ እንድሪስ። ሦስተኛው ለባለወፍጮው ለአቶ አያሌው፤ የእሱ ቤት ከሩቅ የሚታይ ቀይ ጣሪያ አለው፣ ስንገባ ስንወጣ ምልክት ያደረግነው እሱን ነው። ስም ባነበብኩ ቁጥር ሰዉ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፣ እልልታውም አለ። እትየ ሐዋ ከሴቶቹ መካከል ሆነው ለእያንዳንዱ ያጨበጭባሉ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። አሥረኛው ላይ የእሳቸው ይሁን ብዬ ተሳልኩ። አሥራ ሁለተኛውን አንብቤ ስጨርስ የእትየ ሐዋ ስም ኮፍያው ውስጥ ቀርቷል።

ማንም አላጉረመረመም። ሼህ እንድሪስ ዱዓ አደረጉና ተበተንን። መምህሩ ቪዲዮውን ላከልኝ፤ እኔም ለአለቃዬ ላክሁት። ሳንርቅ መልሱ መጣ። ለሌሎች ፕሮጀክቶች ምሳሌ የሚሆን አሠራር ነው ይላል።

ዓርብ፣ አመሻሽ፣ መርሳ

አልጋ በአምስት መቶ ብር ይዘናል፤ ውሃ የለውም፣ ባልዲ አለው። ጋሽ ጌታቸው ከግራና ጀምሮ አላናገረኝም። ሽሮው ሲቀርብ ነው አፉን የከፈተው።

የእናቱ ቅሬም ውርጌሳ እንዲሁ ነው አለኝ። ዘር ቢመጣ፣ ስንዴ ቢመጣ፣ ዕጣ ይወጣል። ዳኛው ወረቀቱን እቤቱ ያዘጋጃል፣ ራሱ ያወጣል፣ ራሱ ያነባል።

«ወረቀቱ ባዶ ነው ሰብልዬ፤» አለኝ። «ባዶ ወረቀት ነው የሚያነበው። ዕጣው ሁልጊዜ መውደቅ ያለበት ላይ ይወድቃል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ገልጦ አያይም። ለተቸገረው ሰው ዕድል ነው የደረሰው እንጂ ምጽዋት አይደለም።»

እንጀራው እጄ ላይ ቀረ። ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም ስለው ጫማሽን የነካሁት ለምን መሰለሽ አለኝ። ሼህ እንድሪስ ደግሞ እንግዳን ሰው ፊት አያሳፍሩም። እኔ እንዳላፍር ብለው እትየ ሐዋን ዝናብ ላይ ጣሏቸው። አይ፣ የጣልኳቸውስ እኔ ነኝ። ከአሥራ ሁለቱ ዕጣ ሦስቱ እንደ ዕድል ሆኖ ለተቸገረ ደርሷል፤ ዘጠኙ በደህና ጣሪያ ላይ ነው የወደቀው። ዕጣው ይደገም እንዳልል ቪዲዮው አዲስ አበባ ደርሶ ተመስግኗል። በግልጽነቴ ታሰርኩ።

እንደዚያ ምሽት ሥራዬን የጠላሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ድካም ስል ጉልበቴን ብቻ ማለቴ አይደለም። ሰው ቤት ገብቼ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ የማላውቀውን ነገር አስተካክዬ መውጣቴ ነው የደከመኝ።

ቅዳሜ፣ 4 ሰዓት፣ ግራና

በጠዋት ሼህ እንድሪስ ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ያወቅኩትን እንዳወቅኩ ሲገባቸው ትንሽ ፈገግ አሉ። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፤ አይዞሽ ማለት ነው። የወጣ ግን ዕጣ አይሻርም፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ አሉኝ። አልሄድኩም። ወፍጮ ቤት ሄድኩ።

አቶ አያሌው ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ቅንድቡ ሁሉ ዱቄት። ሴቶች ማሽላ ይዘው ተሰልፈዋል፣ ሞተሩ ያጓራል። ጆሮው ሥር ጠጋ ብዬ ቆርቆሮውን ለእትየ ሐዋ ቢተውላቸው ብዬ ለመንኩት። ሞተሩን አጠፋው። ዝም አለ ቤቱ።

«እትየ ሐዋ ተቸገሩ ብሎ ማን ነገረሽ?»

ቤታቸውን አይቻለሁ አልኩት።

«እንግዲያ ያየሽውን ለማንም እንዳትናገሪ። ዕጣው የእኔ ነው። ቆርቆሮዬን ዛሬ እወስዳለሁ።»

ሞተሩን መልሶ አስነሳው። እኔ ወጥቼ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሀብታም ሆኖ የማይጠግብ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ይህን ያህል ዓይኑን ያፈጠጠ ግን አላየሁም ብዬ ለጋሽ ጌታቸው ነገርኩት። ጋሽ ጌታቸው መኪናውን ከማጠብ አላቆመም። ወደ ደሴ እንመለስ አልኩት፤ ጎማው ነፋስ ይፈልጋል አለኝ። ጎማው ምንም አልሆነም፤ በኋላ ነው የገባኝ።

ቅዳሜ፣ 8 ሰዓት፣ ግራና

ሃያው ቆርቆሮ በጋሪ ወጣ። አቶ አያሌው ከፊት ከፊት እየሄደ ከቀይ ጣሪያው ጋር ደረሰ፤ አለፈው። ጋሪው ቁልቁል ወርዶ እትየ ሐዋ ደጅ ቆመ። ከጎረቤት ሦስት አራት ሰው ሥራ የፈታ መስሎ ተጠጋ። እኔም ተጠጋሁ።

እትየ ሐዋ ብቅ አሉ። አቶ አያሌው ኮፍያውን አወለቀ።

«እትየ ሐዋ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ መጥቼ ነው፤» አለ። «ይህ ዕጣ ደረሰኝና ማስቀመጫ አጣሁ። መጋዘኔ እህል ነው። ሜዳ ላይ ባሳድረው ሌባ አለ። ልጄ ጎጆ እስክትወጣ ድረስ በአደራ ቢያስቀምጡልኝ ብዬ ነው።»

የአቶ አያሌው ልጅ አራት ዓመቷ ነው። ጠዋት ወፍጮ ቤት ማሽላ ላይ ተኝታ አይቻታለሁ።

እትየ ሐዋ ቆርቆሮውን አዩ፣ እሱን አዩ። ቤቴ ጠባብ ነው፣ የት ይቀመጣል አሉት።

«ላይ ነዋ፤» አለ። «ቆርቆሮ መሬት ላይ ይዝጋል። ላይ አድርገን በምስማር ትንሽ ያዝ ብናደርገው ነፋስም አይወስደው።»

ማንም አልሳቀም። እትየ ሐዋ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ከውስጥ ጋሽ ሙሄ ሳል አሉ።

«አደራ ከባድ ነው አያሌው፤» አሉት። «ቢዝግብኝ፣ ቢበሳብኝ ነገ ትጠይቀኝ የለም?»

አልጠይቅም፣ ሼህ እንድሪስ ምስክር ይሁኑ አለ። ሼህ እንድሪስ ለካ እዚያው አጥሩ ጥግ ቆመዋል፤ ምስክር ነኝ አሉ።

«እንግዲያስ ምን ይደረጋል፤» አሉ እትየ ሐዋ። «ጎረቤት ተቸግሮ ሲመጣ እምቢ አይባልም። አስቀምጥ።»

አቶ አያሌው ጎንበስ ብሎ አመሰገናቸው። የእውነት ነው ያመሰገናቸው። እትየ ሐዋም ምንም አይደል ብለው እጃቸውን አወዛወዙ፣ ውለታ እንደዋለ ሰው። አናጢው መሰላል ይዞ ከኋላ ብቅ አለ፤ ሸራው ወረደ፣ የበሰበሰው ማገር ተነቀለ፣ መዶሻው ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ከወንዙ ማዶ ሌላ መዶሻ ሰማሁ። ከመስጊዱ ጀርባም ሌላ። ባለሱቁም፣ ሼህ እንድሪስም፣ ዘጠኙም በየፊናቸው ቆርቆሯቸውን አደራ የሚያስቀምጡበት ጎረቤት አግኝተዋል።

እንባዬ መጣ። ደክሞኝም ነበር፤ ግን በድካም ብቻ አላሳብብም። ጠዋት በልቤ የሰደብኩትን ሰው ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እሁድ፣ 4 ሰዓት፣ ግራና

የቀረው ፎቶ ነው። ቅጹ ግልጽ ነው፤ ዕጣ የደረሰው ሰው፣ ከተሠራው ጣሪያ ፊት ለፊት፣ ፊቱ በሚታይ ሁኔታ። እትየ ሐዋን እንዲቆሙልኝ ስጠይቃቸው ቅር አላቸው።

«የእኔ አይደለም እኮ ልጄ፣ የሰው ንብረት ነው። ባለቤቱን ጥሪና እሱን አንሺ።»

አቶ አያሌው ከቤተ ክርስቲያን ነጭ ጋቢ ለብሶ ሲመለስ አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው ቆይ ልብሴን ልቀይር ብሎ ገባ። ሱፉን ለብሶ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ክርኑ የተቀደደ፣ ዱቄት የጠገበ የወፍጮ ቤት ካፖርቱን ለብሶ፣ በሸበጥ መጣ። ፊቱንም ዱቄት አስነክቶታል። ከእትየ ሐዋ ደጅ፣ ከተሰነጠቀው የጭቃ ግድግዳ ፊት፣ እጆቹን አጣምሮ ቆመ። አነሳሁት። እትየ ሐዋ ከፎቶው ውጭ ሆነው ካፖርቱን አራግፍ እንጂ ይሉታል፤ እሱ አያራግፍም። ሌሎቹም በተራቸው እንዲሁ በየአደራ ቤቱ ደጅ ቆሙልኝ።

«ቆርቆሮው ለታለመለት ዓላማ ውሏል ወይ» ይላል ቅጹ። አዎ በሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። አሥራ ሁለት ጊዜ። በዚህ ሥራ ላይ ከሞላሁት ቅጽ ሁሉ ይህኛው ውሸት ይሁን እውነት እስካሁን አልለየሁትም።

እሁድ፣ 8 ሰዓት፣ ውርጌሳ

ወደ ደሴ ስንመለስ ውርጌሳ ላይ ቆምን። ጋሽ ጌታቸው እናቱን ሊሳለም ገባ፤ እኔ ሻይ ቤት ተቀምጬ ኔትወርኩ ሲመጣ ፎቶዎቹን ላክሁ። አለቃዬ ወዲያው ደወለ። ድምፁ ላይ ደስታ አለ። ሦስተኛው ሰውዬ ማን ነው አለኝ፤ ፊቱ ላይ፣ ልብሱ ላይ ችግሩ ይነበባል፣ እንዲህ ያለ ፎቶ አግኝተን አናውቅም። የዓመቱ ሪፖርት ሽፋን ላይ ትልቅ ሆኖ ይወጣል፤ «ከድህነት ወደ ተስፋ» ተብሎ ስሙ ከሥሩ ይጻፋል። ፈቃዱን ብቻ አስፈርሚልኝ አለ፣ ወይም በስልክ ይስማማ።

ስልኩን ዘጋሁት። ሻዬ ቀዘቀዘ። ከዚያ አቶ አያሌው ጋ ደወልኩ። እሁድ ስለሆነ ወፍጮው አያጓራም፤ የልጁ ድምፅ ከኋላው ይሰማል። ሳልሸፋፍን ነገርኩት። መጽሐፉ ግራና ይደርሳል ወይ አለኝ። ይደርሳል አልኩት፤ ወረዳውም ቅሬውም ይላክለታል፣ መርሳም ወልዲያም ያየዋል፣ እህል የሚያስፈጭልህ ሰው ሁሉ ያየዋል። እምቢ ማለት ትችላለህ፣ ማንም አያስገድድህም አልኩት። እምቢ እንዲለኝም ፈልጌ ነበር።

ልጁን ዝም በይ አላት።

«የእትየ ሐዋ ስም አለበት?»

የለበትም አልኩት። ቤታቸው ነው ያለው፤ ስማቸው የለም።

«እንግዲያ እኔን ድሃ ብለሽ ጻፊኝ፤» አለኝ።